የቻይና ከተሞች ስም በአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ፦ የፊደል ግልባጭ ወይስ የድምፅ ምስክር?

በሸክላ ሠራዊቷ የታወቀችው የቻይና ከተማ በአንዱ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ «ዢያን»፣ በሌላው «ሺያን» ተብላ ትገኛለች። ልዩነቱ ተራ የፊደል ምርጫ ቢመስልም ከዚያ ያለፈ ነው። የመጀመሪያው አጻጻፍ የላቲኑን ኤክስ በእንግሊዝኛ ልማድ አንብቦ ወደ ግዕዝ ፊደል ገልብጦታል። ሁለተኛው ተነባቢውን በትክክል ሰምቷል፤ የቀለማቱን ድንበር ግን አደብዝዞታል። ለአገሬው አነባበብ ይበልጥ የሚቀርበው «ሺአን» ነው። ሁለቱ ቀለማት ተዋህደው «ሺየን» የሚል ከተሰማ በማንዳሪን ሌላ ቃል ይሆናል፤ እንዲህ ከሚነገሩት ቃላት አንዱም የአገራችንን «ወረዳ» የሚመስል የአስተዳደር እርከን ስም ነው። ከትልቅ ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚያቀና መንገደኛ ይህን ቃል ከብዙ የቦታ ስም ጫፍ ላይ ያገኘዋል።

በቤይጂንግ ወይም በሻንግሃይ ስም ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የባቡር ጣቢያው ምልክት በላቲን ፊደልም ተጽፏል፣ ማስታወቂያውም በእንግሊዝኛ ይደገማል። በሩቅ የወረዳ ከተማ ግን የአውቶቡሱ መዳረሻ ብዙ ጊዜ በቻይንኛ ፊደል ብቻ ይጻፋል። መንገደኛው በእጁ የያዘው በአማርኛ ያነበበውን ስም ነው። ያ ስም ተጠርቶ ካልተሰማ የጉዞ ጽሑፉ ከዋና አገልግሎቶቹ አንዱን አጥቷል።

የስህተቱ ምንጭ ፒንዪን የተባለውን ሥርዓት እንደ እንግሊዝኛ ማንበብ ነው። ፒንዪን በቻይና ሕዝባዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1958 ጸድቆ፣ በ1977 በተባበሩት መንግሥታት የቦታ ስሞች ጉባኤ፣ በ1982 ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ተቀባይነት አግኝቷል። ሥርዓቱ ለላቲን ፊደላት የሰጠው ዋጋ የራሱ ነው። ኪው ወደ «ች»፣ ኤክስ ወደ «ሽ» የቀረበ ድምፅ አላቸው። ሲ ትንፋሽ የሚከተለውን «ትስ» ይወክላል፤ ዜድና ኤች ተጣምረው ደግሞ «ጅ»ን የመሰለ ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ «ቾንግኪንግ» ሳይሆን «ቾንግቺንግ»፣ «ኪንግዳኦ» ሳይሆን «ቺንግዳው»፣ «ጓንግዡ» ሳይሆን «ጓንግጆው» ማለት ይገባል። አማርኛ «ች»ም «ጅ»ም «ሽ»ም ስላለው እነዚህን ስሞች በእንግሊዝኛ መስታወት ለማየት የሚያስገድደው ነገር የለም።

በአፍሪካ ቀንድ ችግሩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። አካባቢው የላቲንን ፊደል ለየራሱ ቋንቋ አስማምቷልና። የኦሮምኛ ቁቤ አንባቢ በኪው «ቅ»ን፣ በኤክስ «ጥ»ን፣ በሲ «ጭ»ን ያነባል። ለሶማልኛ አንባቢ ኤክስ የትግርኛው «ሕ»፣ ሲ ደግሞ «ዕ» ነው፤ በአፋርኛ በተቃራኒው «ሕ»ን የሚወክለው ሲ፣ «ዕ»ን የሚወክለው ኪው ነው። ፒንዪን የሚያስቀምጠውን፣ የሺአንን ስም የሚከፍለውን ጭረት፣ ቁቤም ሶማልኛም እንደ ተነባቢ ይቆጥሩታል። አንድ ጽሑፍ በላቲን የተጻፈውን ስም ያለ ማብራሪያ ቢያስቀምጥ አራት ጎረቤታሞች አራት የተለያዩ ከተሞችን ይጠራሉ። የግዕዝ ፊደል አነባበብን በቀጥታ በማሳየቱ ሊያገለግል የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም የግዕዝ ፊደልም ገደብ አለው። ማንዳሪን ተነባቢዎቹን የሚለየው ትንፋሽ በመከተሉና ባለመከተሉ ሲሆን አማርኛ የሚለየው በነዛሪ፣ በኢነዛሪና በፈንጂ ነው። የሲን ድምፅ በ«ጽ» መጻፍ የተለመደ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ፈንጂው «ጽ» የሚወጣው ማንቁርት ተዘግቶ፣ የማንዳሪኑ ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ተከፍቶ ነው። «ጻንግጆው» ከማለት «ትሳንግጆው» ማለት ለዓይን ቢከብድም ለጆሮ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው የቃና ጉዳይ ነው። ፒንግያው የምትገኝበትና ሺአን ዋና ከተማው የሆነው ሁለት ጎረቤት ክፍለ ሀገሮች ስማቸው የሚለያየው በመጀመሪያው ቀለም ቃና ብቻ ነው፤ የአንዱ ከፍ ብሎ ሲዘልቅ የሌላው ዝቅ ይላል። በላቲን አጻጻፍ አንዱ በተደገመ «ኤ» ይለያል። በአማርኛ ግን ሁለቱም «ሻንሺ» ናቸው። ይህን በፊደል ብቻ መፍታት አይቻልም፤ «የታይዩዋኑ ሻንሺ» እና «የሺአኑ ሻንሺ» እያሉ በዋና ከተማቸው መለየት ግን ይቻላል።

ትርጉምም ቢሆን መንገደኛውን ሊያሳስት ይችላል። «የሺአን ሰሜን ጣቢያ» ያለ ጸሐፊ አንባቢው እንዲረዳው አድርጓል፤ ትኬት ቆራጩ የሚያውቀው ስም ግን «ሺአን ቤይ» ነው። ፒንግያው ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሏት፤ የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ የሚለየው «ጉቸንግ»፣ ማለትም «ጥንታዊ ከተማ»፣ በሚለው ተቀጥላ ነው። ትርጉሙ ከስሙ ጎን ይቀመጥ እንጂ በስሙ ቦታ መግባት የለበትም።

በዳር አገር ደግሞ ማንዳሪንም ብቸኛ ዳኛ አይደለም። ማንዳሪን «ካሺ» የሚላትን ከተማ ኡይጉሮች «ቀሽቀር» ይሏታል። በዩናን ያለችው ጆንግዲየን እ.ኤ.አ. በ2001 ሻንግሪላ ተብላለች፤ ይህ ስም የተወሰደው በ1933 ከታተመ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ቲቤታውያን ነዋሪዎቿ ግን «ግየልታንግ» የሚለውን የቀደመ ስም ያውቃሉ። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ሲባሉ የኖረ አንባቢ አንዱን ስም ብቻ መጻፍ ምን እንደሚያስቀር ማስረዳት አያስፈልገውም።

ለነባሩ ልማድ አንድ ተገቢ መከራከሪያ አለ፤ የላቲኑን መልክ የተከተለ ግልባጭ ስሙን በካርታ ላይ መልሶ ለማግኘት ይረዳል የሚል ነው። ነገር ግን «ኪንግዳኦ» ያነበበ ሰው «ኪ» ከኬ ይምጣ ከኪው ሊያውቅ አይችልም። ግልባጩ ድምፁንም ፊደሉንም አልጠበቀም። ካርታውን የሚያገናኘው የቻይንኛው ፊደል ራሱ ነው፤ ስሙ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አንድ ጊዜ ቢታተም ይበቃል። ከእሱ ቀጥሎ የተሰማው ድምፅ በግዕዝ ፊደል፣ ሌላ ቋንቋ በሚነገርበት አካባቢም የነዋሪዎቹ ስም ሊከተል ይገባል። የአጻጻፉ መመዘኛ ቀላል ነው፦ መንገደኛው ያነበበውን ጮክ ብሎ ሲናገር ከትኬት መሸጫው መስኮት ጀርባ ያለው ሰው መረዳት አለበት።