መናፈሻና የደም ግፊት፤ ስለ ብሪዝበን ከተማ ጥናት የቀረበ ሒስ

ከዛፍና ከሣር አጠገብ የሚኖር ሰው ጤናው የተሻለ ነው የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር አስተሳሰቡ በቁጥር ተመዝኖ መቅረቡ ነው። ከእነዚህም ሥራዎች መካከል ዳንዬል ሻናሃንና የሥራ ጓደኞቻቸው በአውስትራልያ የብሪዝበን ከተማ 1,538 ነዋሪዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ዘወትር ስለሚጠቀስ፣ ልንመረምረው ወደድን።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሳምንት 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በአረንጓዴ ሥፍራ የሚቆዩ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሕዝቡ ደም ብዛት የሚለው ሕመም ያነሰ ሆኖ ይገኝባቸዋል። ከዚህም ተነሥተው፣ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ይህን ያህል ቢቆይ ሕመሙ እስከ 9 ከመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ያስረዳሉ።

የጥናቱ መልካም ጎን ቅርበትን ብቻ አለመቁጠሩ ነው። ብዙ ጥናቶች ከቤት እስከ መናፈሻ ያለውን ርቀት በካርታ ለክተው ይፈርዳሉ። ነገር ግን መናፈሻው ከደጁ ሳለ፣ ከጧት እስከ ማታ በሥራ ተጠምዶ አንድ ቀን እንኳ የማይገባበት ሰው አለ። እነ ሻናሃን ሰዎቹ ስንት ጊዜ እንደ ሄዱና ምን ያህል እንደ ቆዩ መጠየቃቸው የሚመሰገን ነው።

ሆኖም ሦስት ነገሮችን እንነቅፋለን። አንደኛ፣ የደም ግፊቱ የታወቀው ከተጠያቂዎቹ ቃል እንጂ በመሣሪያ ተለክቶ አይደለም። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ያልተመረመረ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ቢመልስ አያስደንቅም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው የቀረበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መናፈሻው ጤናን ሰጠ ወይስ ጤነኛው ሰው ወደ መናፈሻ ሄደ፣ የቱ እንደ ቀደመ መለየት አይቻልም። ሦስተኛ፣ የዕድሜንና የገቢን ልዩነት በስሌት ማስተካከል ቢቻልም፣ ትርፍ ጊዜ ያለውንና አመጋገቡን የሚጠብቀውን ሰው ከሌላው የሚለየው ነገር ሁሉ በስሌት አይጠፋም። እንግዲህ 9 ከመቶ የተባለው «ቢሆን» በሚል ግምት ላይ የቆመ የመጨረሻ ወሰን ነው እንጂ የተገኘ ውጤት አይደለም።

የተሻለው መንገድ ዛፉን ተክሎ ለውጡን መከታተል ነው። በአሜሪካ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በጀመረው ሥራ ከ8,000 በላይ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በተወሰኑ ሰፈሮች ተተክለው፣ ሌሎች ሰፈሮች ለማነጻጸሪያ ተትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፣ በተተከለባቸው ሰፈሮች በሚኖሩት ሰዎች ደም ውስጥ የሰውነትን መቆጣት የሚያመለክተው ንጥረ ነገር ከ13 እስከ 20 ከመቶ አንሶ ተገኝቷል። ይህ ስለ ልብ በሽታ የሚጠቁም ነገር ቢኖረውም፣ የደም ግፊት ራሱ ግን አይደለም፤ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ዛፍ አይተከል አንልም፤ ጥላውና ማረፊያነቱ ብቻ ለመተከሉ በቂ ምክንያት ነው። የምንሠጋው ግምቱ እንደ ተስፋ ቃል ሲነገር ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ትቶ በዛፉ ሊታመን፣ ከተማውም ድኻው ጊዜ አግኝቶ የማይገባበትን መናፈሻ ሠርቶ ሕዝቡን ያከመ ሊመስለው ይችላል። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ የሚያጠና ተማሪ የእነዚያኑ ሰዎች የደም ግፊት ዛፉ ከመተከሉ በፊትና ከተተከለ በኋላ በመሣሪያ ይለካ፤ መናፈሻው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚገባበትም ይጠይቅ።