ስለ ንድፍ አውጪና ስለ መሐንዲስ ወሰን

ሙያ ሁሉ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚሻገር ሰው አንዳንድ ጊዜ ያለማል፥ አንዳንድ ጊዜም ያሳስታል። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ጀርመናዊው ፔተር ቤረንስ ነው። እርሱ አስቀድሞ ሠዓሊ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር አ.ኤ.ጌ. የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ የሥነ ጥበብ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው፤ እርሱም የኩባንያውን ምልክት፥ የማስታወቂያውን ፊደል፥ መብራቱንና ማንቆርቆሪያውን ነደፈ። ለየባለሙያው ተከፋፍሎ የነበረው ሥራ በአንድ ሰው እጅ ተሰበሰበ፤ ዕቃውም ሁሉ አንድ መልክ ያዘ፥ ከንቱ ጌጥም ቀረለት።

በ1909 ዓ.ም. ግን በበርሊን ከተማ የተርባይን መሥሪያውን አዳራሽ በሠራ ጊዜ ከመሐንዲስ ደጅ ደረሰ። የብረቱን አጥንት ያሰላው መሐንዲሱ ካርል በርንሃርት ነው። በጎኑ በኩል የብረቱ ምሰሶዎች እስከ እግራቸው መገጣጠሚያ ተገልጠው ስለሚታዩ፥ ተመልካች ክብደቱ በየት እንደሚወርድ ያስተውላል፤ ሁለቱ ሙያዎች ተከባብረው የተገናኙት በዚህ ነው። በፊቱ በኩል ግን በሁለቱ ማዕዘን የቆሙት የሲሚንቶ ግድግዳዎች ጣራውን የተሸከሙ ይመስላሉ እንጂ አልተሸከሙም፤ ስስ መሸፈኛ ናቸው።

ሕንጻው ግርማ አለው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ንድፍ አውጪ ወደ ሌላው ሙያ መግባቱም አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው የተሸከመውን ሸሽጎ ያልተሸከመውን ማክበሩ ነው። ዛሬ የንድፍ ሥራ ከዕቃና ከሕንጻ አልፎ እስከ ሐኪም ቤት አገልግሎትና እስከ መንግሥት አሠራር ደርሷል። ስለዚህ የዚያ ማዕዘን ትምህርት አላረጀም፤ ለነገር መልክ የሚሰጥ ሰው፥ ሸክሙን የያዘው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።