ስለ ኤሌክትሮኒክ ምንጮች አጠቃቀስ፤ በጣና ገዳማት መጻሕፍት ምሳሌነት

በጥናት ጽሑፍ ግርጌ የሚሰፍረው ማስረጃ ለጌጥ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ አንባቢው ደራሲው የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ምንጩ እንዲደርስ የሚያመለክት ነው እንጂ። ምንጩ በመደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ በነበረ ጊዜ ይህን ማመልከት ቀላል ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ምንጭ በኢንተርኔት የሚታይ ምስል ወይም መዝገብ ስለ ሆነ፥ አያሌ ጽሑፎች ረጅም አድራሻ ገልብጠው ከማለፍ በቀር ምን እንደ ታየ አይናገሩም። ጉድለቱን ለመረዳት ከክብራን ደሴት የተሻለ ምሳሌ ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም።

ከፋሲሎ ወደ ሐይቁ ዳር ለወጣ ሰው ክብራን ቅርብ ናት። የክብራን ገብርኤል ገዳም ሀብት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደ ተጻፈ የሚገመተው ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በጣና ገዳማት ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ፤ የክብራኑንም ዝርዝር በ1973 አሳተሙ። በዚያ ዝርዝር ወንጌሉ «ጣናዜ 1» ሲባል ደግሞ «ክብራን 1» ተብሏል። «ጣናዜ» በጀርመንኛ የጣና ሐይቅ ማለት ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ አንባቢ ግን የገዳም ስም ሊመስለው ይችላል። በዚያው በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በየአድባራቱና በየገዳማቱ ላነሣቸው በሺህ ለሚቈጠሩ መጻሕፍት የራሱን ቍጥር ሰጠ። ከ2016 ጀምሮም በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው መዝገብ የብራና መጻሕፍትን መግለጫ በኢንተርኔት ያወጣል፤ መግለጫውም በየጊዜው ይታረማል።

እንግዲህ የአንዱ መጽሐፍ አካሉ በደሴት፥ ጥላው በፊልም፥ ዜናው በመዝገብ ይገኛል። ደራሲው «የክብራን ወንጌል» ብሎ አድራሻ ቢያስከትል ከሦስቱ የትኛውን አየ? ጥያቄው ከንቱ ምርመራ አይደለም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ የተመለከተ ሰው ስለ ሥዕሉ ቀለም፥ ስለ ብራናው ውፍረት፥ ስለ ጥራዙ መፍረድ አይችልም። መግለጫውን ብቻ ያነበበም የሌላውን ሰው ፍርድ እንደ ራሱ ምስክርነት ማቅረብ አይገባውም።

አንዳንድ መምህራን ይህን ችግር በመፍራት ተማሪዎቻቸው የኤሌክትሮኒክ ምንጭ እንዳይጠቅሱ ይከለክላሉ። ክልከላው ግን በሽታውን ያብሳል፤ ተማሪው በመስኮት ያየውን በበር ገብቶ እንዳየ አድርጎ ይጽፋልና። ከዚህም በላይ ክብራን ሴቶች እንዳይገቡባት በሥርዐት የተከለከለች ደሴት ናት። ለአንዲት ተመራማሪ ምስሉ ብቸኛ መንገድ ከሆነ፥ «ያየሁት ምስሉን ነው» ማለቷ ክብሯ እንጂ ጉድለቷ አይደለም።

የስምና የዘመን ነገርም አለ። በውጭ አገር ልማድ የተሠሩት የማስረጃ ማዘጋጃ መሣሪያዎች የኢትዮጵያዊውን የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ያስቀድማሉ፤ በዚህም ምክንያት የጌታቸው ኀይሌ ድካም ኀይሌ ለተባለ ሰው ይቈጠራል። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በገዛ ስማቸው መደርደሩ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ምንጩ የታየበት ቀን ሲጻፍም የማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ካልተነገረ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባል፤ ሁልጊዜ በሚታረም መዝገብ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

አድራሻ ብቻውን እንደማይበቃ ጊዜው ራሱ አስተምሯል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወራት ስለ ጣና መጻሕፍት የተጻፈውን ማስረጃ በሐምቡርግ ያለ አንባቢ ሲከፍተው፥ በባሕር ዳር ያለው በእጅ ስልኩ ሊከፍተው አልቻለም። ስለዚህ የተጠቀሰው ገጽ ቅጂ ከጽሑፉ ጋራ በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፥ መብቱም እስከ ፈቀደ ድረስ፥ ማስረጃው ለቅርቡም ሰው ማስረጃ ይሆናል።

ሥርዐቱ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የጥንቱ ጸሓፊ በብራናው መጨረሻ ስሙን፥ ያስጻፈውን ሰው፥ ዘመኑንም መመዝገብ ያውቅ ነበር፤ የአንድምታ መምህርም ትርጓሜውን ከማን እንደ ተቀበለ ይናገራል። ዛሬም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ መጽሐፉ የትኛውና የየት እንደ ሆነ፥ ምስሉን ማን እንዳነሣውና በምን ቍጥር እንደ መዘገበው፥ ደራሲው በየትኛው አድራሻ፥ በየትኛው ቀንና አቈጣጠር እንደ ተመለከተው። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል። ሁለቱን መስመር የነፈገ ጽሑፍ ግን አንባቢውን ከሐይቁ ዳር ያለ ታንኳ ያቆመዋል።