የጥርስ ተከላና የሩማቲክ የልብ ሕመምተኛ፦ በአንድ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይቲስን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያ ብዙዎቻችን የተማርንበት ሰነድ ነው። መመሪያው ከጥርስ ሕክምና በፊት የሚሰጠውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለአራት ወገን ሕሙማን ብቻ ወስኗል፤ እነርሱም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ ቀደም ሲል በበሽታው የተያዙ፣ አንዳንድ ከውልደት የመጡ የልብ ሕመሞች ያሉባቸው፣ እንዲሁም ልብ ተተክሎላቸው የቫልቭ ችግር የገጠማቸው ናቸው። በ1997ቱ መመሪያ ተካተው የነበሩት የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ በ2021 መግለጫም አልተመለሱም። ይህ ሕመም ወጣቶችን በሚቀጥፍበት አገራችን ጉዳዩ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

የመመሪያው ጥንካሬ በቅድሚያ ሊነገር ይገባል። ባክቴሪያ ከአፍ ወደ ደም የሚገባው ጥርስ ሲነቀል ወይም ለኢምፕላንት ድድ ተቀዶ አጥንት ሲበሳ ብቻ አይደለም። ሎክሃርትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የ290 ሰዎች ጥናት ከኢንዶካርዳይቲስ ጋር የሚያያዙ ባክቴሪያዎች በደም ውስጥ የተገኙት ጥርሳቸውን ከቦረሹት በ23 በመቶ፣ አሞክሲሲሊን ወስደው ጥርስ ከተነቀሉት በ33 በመቶ፣ ማስመሰያ መድኃኒት ወስደው ከተነቀሉት ደግሞ በ60 በመቶ ላይ ነበር። መድኃኒቱ ሥጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያስወግደውም፤ መቦረሽ ግን የየዕለት ተግባር ነው። ስለዚህም የአፍ ጤንነትን መጠበቅ ከአንድ ጊዜ መድኃኒት ይበልጣል የሚለው ድምዳሜ የሚያሳምን ነው።

ድክመቱ በመመዘኛው ላይ ነው። አራቱ ወገኖች የተመረጡት በሽታው ቢይዛቸው የከፋ ውጤት ስለሚጠብቃቸው ነው። የውጤቱ ክፋት ግን በቫልቩ ዓይነት ብቻ አይወሰንም፤ የደም ካልቸር በወቅቱ መገኘቱና የልብ ቀዶ ሕክምና መኖሩም ይወስኑታል። እነዚህ እንደ ልብ በማይገኙበት ቦታ የተጎዳ የራሱ ቫልቭ ያለው ሕመምተኛም መጨረሻው ሊከፋ ይችላል። የኒውዚላንድ የ2008 መመሪያ የሩማቲክ ሕመምተኞችን በዝርዝሩ ማቆየቱ፣ የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር የ2023 መመሪያም በመካከለኛ ሥጋት መድቦ ውሳኔውን በየሕመምተኛው ሁኔታ እንዲታይ መተዉ ጥያቄው እንዳልተዘጋ ያመለክታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነጥብ ነው። በየወሩ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የምትወጋ ወጣት ለጥርስ ተከላ ብትመጣ «መርፌው ይበቃታል» ማለት ስሕተት ነው፤ መርፌው የሩማቲክ ትኩሳትን እንዳያገረሽ ይከላከላል እንጂ ኢንዶካርዳይቲስን ለመከላከል የታሰበ አይደለም። በአፏ የሚገኙ ስትሬፕቶኮከሶችም ፔኒሲሊንን የተላመዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ መከላከያ እንዲሰጣት ከተወሰነ አሞክሲሲሊን ሳይሆን ከሌላ ወገን መድኃኒት፣ ለምሳሌ አዚትሮማይሲን፣ ሊመረጥላት ይገባል። ክሊንዳማይሲን በ2021 ከአማራጭነት መውጣቱንም ልብ ይሏል።

ኢምፕላንት በአብዛኛው አስቸኳይ ሕክምና አይደለም። በመሆኑም የጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ የልብ ሕመም ታሪክን ለመጠየቅ፣ የታመመ ድድ ለማከምና ከልብ ሐኪም ጋር ለመመካከር ጊዜ አለው። የልብ ክትትል ክሊኒኮችም የሕሙማንን አፍ መመርመር የሥራቸው አካል ሊያደርጉት ይገባል። ከጥርስ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይዞት የመጣ የቫልቭ ሕመምተኛ ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት፣ በተቻለ መጠን፣ ደሙ ለካልቸር ይወሰድለት።