የዱቄት ወተት ፕሮቲንና የሕፃናት ዕድገት፦ የአንድ ጥናት ግምገማ

የሕፃን ክብደት በፍጥነት መጨመር የጤንነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ይህን አመለካከት ጥያቄ ውስጥ ካስገቡት ጥናቶች አንዱ በፕሮፌሰር በርትሆልድ ኮሌትስኮ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በጀርመን፣ በቤልጂየም፣ በጣሊያን፣ በፖላንድና በስፔን የተካሄደው ነው። ጥናቱ ዱቄት ወተት የሚመገቡ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት መድቦ የፕሮቲን መጠኑ የተለያየ ወተት ሰጥቷል፤ መጠኑም በመጀመሪያዎቹ ወራት በ100 ኪሎካሎሪ 1.77 እና 2.9 ግራም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ሁለቱ ምድቦች በሁለት ዓመታቸው በቁመት አልተለያዩም፤ ከቁመት አንጻር የተለካው ክብደት ግን ብዙ ፕሮቲን ባገኙት ዘንድ በልጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ክትትል ደግሞ በስድስት ዓመታቸው ከልክ ያለፈ ውፍረት የታየው ከከፍተኛው ምድብ በ10 በመቶ፣ ከዝቅተኛው በ4.4 በመቶ ልጆች ላይ ነው።

የጥናቱ ጥንካሬ ምደባው በዕጣ መሆኑ ነው። ድክመቱም ሊዘነጋ አይገባም። በስድስተኛው ዓመት ከግማሽ በላይ የሆኑት ልጆች ስላልተለኩ የአኃዙን ልዩነት በጥንቃቄ ማየት ያሻል። ጡት የጠቡት በዕጣ ያልተመደቡ በመሆናቸውም፣ ፕሮቲኑ የተቀነሰ ዱቄት ወተት ከእናት ጡት ወተት ጋር እኩል ነው ለማለት ጥናቱ ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ተሳታፊዎቹ ጤናማ ሕፃናት ነበሩ። ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና የሚውለው ኤፍ-100 ወተትም በ100 ኪሎካሎሪ 2.9 ግራም ፕሮቲን ይዟል። ጤናማውን ሕፃን ለውፍረት የሚያጋልጠው መጠን የከሳው ሕፃን እንዲያገግም ይረዳል ማለት ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ስለ አመጋገብ ከመምከሩ አስቀድሞ የሕፃኑን ክብደት ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም መለካት ይኖርበታል።