ለሚኒ የሚስማማ ጎሚኒ
እንግሊዝ ሠራሿን ሚኒ ለሚያድስ ሰው ጎሚኒ መምረጥ ደስ የሚል ጥበብ ነው። መኪናዋ በ1959 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የሚሸከመው ፍሬም ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት ይታሰር ነበር፤ በ1976 መሐሉ የላስቲክ ጎሚኒ ገባበት፣ ጩኸቱም ቀነሰ። ዛሬ በላስቲኩ ቦታ የሚገባ ፖሊዩሪቴንም ድፍን አሉሚኒየምም አለ። በአሉሚኒየም መሪው ወዲያው ይታዘዛል፤ የሞተሩ ንዝረት ግን ወንበር ድረስ ይመጣል። አሉሚኒየሙ ለውድድር ይሁን፤ ለየቀኑ መንገድ ግን እኔ ላስቲኩን እመርጣለሁ። ፖሊዩሪቴኑን የምወደው የታችኛውን ክንድ ከፊት በኩል በሚይዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ያለው ላስቲክ አርጅቶ ሲሰነጣጠቅ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መሪውም ይጎትታል። ጠንካራው ጎሚኒ ሲገባ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።