የገበያ ምስክርነትና የዳኞች ብያኔ፦ ስለ ቪዲዮ ጌም ሽልማት ሂሳዊ ዳሰሳ

እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ2023 በዓለም ገበያ ከቀረቡት የቪዲዮ ጌሞች ሁሉ በሽያጭ የላቀው፣ በሃሪ ፖተር ልቦለዶች ዓለም ላይ የተመሠረተው «ሆግዋርትስ ሌጋሲ» ነበር። ከ22 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡን አሳታሚው በይፋ ሲያስታውቅ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በሎስ አንጀለስ በተደረገው «ዘ ጌም አዋርድስ» በተባለው ታላቅ የሽልማት ጉባኤ ግን ይህ ጌም ሊሸለም ይቅርና በአንዲት ዘርፍ እንኳ ስሙ በእጩነት አልተጠራም፤ የዓመቱ ታላቅ ሽልማት ለ«ባልደርስ ጌት 3» ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ «ሕዝብ በገንዘቡ የመረጠውን ዳኞች ስለ ምን ይንቃሉ?» የሚሉ በአንድ ወገን፣ «ንዋይ ሌላ፣ ጥበብ ሌላ» የሚሉ በሌላ ወገን ቆመው ሲከራከሩ ይሰማል። (የልቦለዶቹ ደራሲ በአደባባይ በገለጸችው አስተያየት የተነሣ ጌሙ አስቀድሞ በብርቱ ውዝግብ ተከብቦ ስለ ነበረ፣ መታለፉን በሽያጭ ንቀት ብቻ መተርጎም አይገባም፤ ክርክሩ ግን በመታለፉ ሳቢያ ተነሣ እንጂ ከውዝግቡ አልተወለደም።)

አንባቢ ይህን የሩቅ ሀገር ሰዎች ሙግት ነው ብሎ እንዳያልፈው፣ ነገሩን ከሶዶ በስተ ምዕራብ ወደ ኦሞ ወንዝና ወደ ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በሚያወጣው አቅጣጫ ባለችው በኪንዶ ኮይሻዋ ከተማ በቤሌ ላይ አቁመን እንመልከተው። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው በመጋረጃ የጨለመ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ የአውራ ጣት ማሳረፊያ ጎማው ተልጦ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ፣ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተራ የሚጠብቁ ልጆችና ሒሳቡን በጨዋታ ቁጥር የሚሰበስብ ወጣት ነው። የቤቱ ሕግ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። በዚያ ክፍል በአንድ ማሽን ላይ የተጫነውን አንዱን የእግር ኳስ ጌም በዓመት ውስጥ የሚጫወተው ልጅ እጅግ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ በአሳታሚው የሽያጭ መዝገብ ላይ የሚገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ቅጂው ያለ ፈቃድ የተባዛ እንደ ሆነ ደግሞ ያቺ አንዲቱም የለችም።

እንግዲህ ክርክሩ በሁለቱም ወገን የሳተው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ። ሽያጭ ይመዘን የሚሉትም፣ አይመዘን የሚሉትም፣ የሽያጭ ብዛትና የተጫዋች ብዛት አንድ ነገር እንደ ሆኑ አድርገው ይናገራሉ። ቤሌ ግን እነዚህ ሁለቱ ፍጹም ሊለያዩ እንደሚችሉ ታስተምራለች። የመግዛት ዐቅም ያለው ሕዝብ ፍቅሩ በቁጥር ይመዘገብለታል፤ የሌለው ሕዝብ ግን በዚያው ጌም ላይ ልጅነቱን ቢያሳልፍ እንኳ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ የሽያጭን ቁጥር ለሽልማት መስፈርት ማድረግ፣ ዲሞክራሲያዊ መስሎ ቢታይም፣ በምርጫ ሳጥን ፊት ባለ ገንዘብ ብቻ እንዲሰለፍ ከመፍቀድ የተለየ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ገበያ የሚወስነው ስለ ተሠራው ጌም ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሠራም ጭምር ነው። የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ክለብ በ2018 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክን ያህል ገናና ክለብ በመለያ ምት ሲጥል በወላይታ ምድር የነበረው ደስታ የሚዘነጋ አይደለም፤ ሆኖም የቤሌ ልጅ ጆይስቲኩን ጨብጦ የክለቦችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ቢያገላብጥ ማንቸስተርንና ማድሪድን እንጂ ድቻን አያገኝም። የሊጎች ስም፣ የማሊያቸው ቀለምና የተጫዋቾቻቸው መልክ በጌም ውስጥ የሚገባው በፈቃድ ውል ስለ ሆነ፣ ውሉም የሚፈረመው ገዢ አለበት ተብሎ ከሚታሰብበት ገበያ ጋር ስለ ሆነ፣ የኢትዮጵያ ሊግ ገና በበሩ ላይ ቀርቷል። በሽያጭ የሚሰጥ ሽልማት ይህን የተዘጋ በር በወርቅ ማኅተም ያትመዋል።

ስለ ሽልማት ሚዛን ስንናገር ከውጭ ሀገር ብቻ መበደር አይገባንም፤ በቤታችን ሁለት ጥንታውያን ሥርዓቶች አሉና። በቅኔ ቤት ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ወይም መወድሱን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ሲነግር፣ መምህሩ ሰሙንና ወርቁን፣ ዜማ ልኩንና ምሥጢሩን ይመረምራል እንጂ ስንት ሰው ሰማው ብሎ አይጠይቅም፤ የተነገረው ቅኔ ዳግመኛ ላይነገር ይችላል፣ ብያኔው ግን ይጸናል። አዝማሪው ግን በተቃራኒው ከአድማጩ ፊት ይቆማል፤ የተወደደለት እንደ ሆነ ብር በግንባሩ ይለጠፍለታል፣ ያልተወደደለት እንደ ሆነ ባዶ እጁን ያድራል። አባቶቻችን አንዱን በሌላው አልሻሩም፤ አዝማሪውን የተሸለመውን ብር ቆጥረው የቅኔ መምህር አላደረጉትም፣ ባለቅኔውንም አድማጭ አነሰህ ብለው ከጉባኤው አላስወጡትም። በዘመናችንም ይህ ልዩነት በጭላንጭል ይታያል፤ የለዛ የሙዚቃ ሽልማት ወደ አድማጩ ድምፅ ሲያዘነብል፣ የጉማ የፊልም ሽልማት የዳኞችን ጉባኤ ያስቀድማል።

በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ደግሞ የቅኔ ቤቱን መንገድ የተከተለ ነበር ማለት ይቻላል። በ1964 ለሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌና ለደራሲ ከበደ ሚካኤል የሰጠው ሽልማት በሕዝብ ዘንድ አስቀድሞ የከበሩትን ሰዎች ያከበረ ስለ ነበረ ማንንም አላስደነቀ ይሆናል፤ በማግሥቱ ዓመት ግን ረቂቅ ሥዕል ይዞ ከጀርመን የተመለሰውን፣ ብዙ ተመልካች «ይህ ምንድን ነው?» እያለ የሚያልፈውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሸለመ። በዚያን ዘመን በአዲስ አበባ የሥዕል ገዢ እንዲፈርድ ቢደረግ ኖሮ ዋንጫው ወደ ማን ይሄድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የሽልማት ጉባኤ ትልቁ አገልግሎቱ ገበያ ገና ያልደረሰበትን ቀድሞ ማየት መሆኑን እኔ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ከታሪካችን አላውቅም።

ነገር ግን የቅኔ ቤቱ ሚዛን ለቪዲዮ ጌም ሙሉ በሙሉ ይበቃል ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ጌም ተጫዋች ካልነካው ያልተፈጸመ ሥራ ነው፤ አንዳንዱ ጌም ደግሞ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ካልተጫወተው በቀር ምን እንደ ሆነ ራሱም አይታወቅም። «አሞንግ አስ» የተባለው፣ ጥቂት ሰዎች የሠሩት የመጠራጠርና የመሸንገል ጨዋታ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከዳኞች አንዱም ልብ ያለው አልነበረም፤ በ2020 ግን በወረርሽኙ ምክንያት በየቤቱ የተዘጋ ሕዝብ አንሥቶ ሲጫወተው፣ ያው ዘ ጌም አዋርድስ የብዙ ተጫዋቾች ምርጥ ጌምና የእጅ ስልክ ምርጥ ጌም ብሎ ሁለት ጊዜ ሸለመው። የጌሙ ባሕርይ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዳኞቹ የሚያዩበት መስኮት ነው። በዚህ ጊዜ የሕዝቡ ብዛት ከሥራው ውጭ የቆመ የገቢ ወሬ ሳይሆን የሥራው አካል ነበር። ስለዚህ ዳኛ ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ ሰዓቱን ቆጥሮ የሚፈርድ ከሆነ፣ ምን እንደ ተጫወተ እንጂ ጌሙ ምን እንደሚያደርግ አላየም።

ገበያን ምስክር አድርጎ መስማትና ዳኛ አድርጎ መሾም የተለያዩ መሆናቸውን የምለው ለዚህ ነው። ምስክር ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ አንዳንድ ጊዜም ይዋሻል፤ በማስታወቂያ ኃይል የተገዛ ሽያጭ እንደዚህ ያለ ምስክር ነው። በ2023 የብሪታንያው የባፍታ ጉባኤ በእጅጉ የተሸጡትን «ኤልደን ሪንግ»ንና «ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ»ን አልፎ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት ለ«ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ» ሲሰጥ፣ ጌሙ ከአምስት የአሜሪካ ዶላር በታች የሚሸጥና በአብዛኛው የአንድ ኢጣሊያዊ እጅ ሥራ ነበር። በበኩሉ ብዙ የተሸጠ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ዳኞቹ የዋጋውን ማነስም ሆነ የገዢውን ብዛት ቆጥረው አልሸለሙትም፤ ተጫዋቹ ሊያቆም ሲል እንደገና የሚያስጀምረውን ስልት መርምረው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሽልማትም በበኩሉ ገበያን ሲሠራ እናያለን። በጀርመን ከ1979 ጀምሮ ለገበታ ጨዋታ የሚሰጠው «የዓመቱ ጨዋታ» የተባለው ሽልማት የገንዘብ ስጦታ የለውም፤ ሆኖም የሸላሚዎቹ ሃያስያን ምልክት ያረፈበት ሣጥን በጥቂት ሺህ ቅጂ ይሸጥ የነበረው በመቶ ሺህ ቅጂ እስከ መሸጥ ይደርሳል። ይህ ጸጋ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። «ሃይ-ፋይ ራሽ» የተባለው የጃፓን ጌም በ2023 መጨረሻ በድምፅ አሠራሩ በሎስ አንጀለስ ተሸልሞ ሳለ፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት የሠራውን ስቱዲዮ እንደሚዘጋ በግንቦት 2024 አስታወቀ፤ አንድ የኮሪያ ኩባንያ ባይደርስለት ኖሮ ዋንጫውን ይዘው የተበተኑ ሠራተኞች ብቻ ይቀሩ ነበር። እንግዲህ ሽልማት ለሸጠው ከሚሰጥ ይልቅ ገና ላልሸጠው ቢሰጥ ጥቅሙ እንደሚበልጥ፣ ብቻውን ግን የሥራ ዋስትና እንደማይሆን ከሁለቱ ምሳሌ እንማራለን።

ወደ ሀገራችን ጌም ሠሪዎች ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ዳዊት አብርሃም ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ቅኔ ጌምስ ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን አውጥቶ፣ ቀጥሎም ገበጣን ወደ እጅ ስልክ አምጥቷል። ገበጣ ራሱ ለዚህ ክርክር ታላቅ ፈተና ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን እጅግ ብዙ የገበጣ ዓይነቶች ሲመዘግብ፣ በመሬት ላይ ተቆፍሮ በጠጠር የሚጫወቱትን ይህን ጨዋታ ማንም ሸጦት እንደማያውቅ ግልጽ ነው። ለዘመናት እረኛና መኳንንት እኩል የተጫወቱት ሥራ በሽያጭ ሚዛን ቢቀመጥ ክብደቱ ባዶ ይሆናል። ደግሞም ቅጂ ገዝቶ የመክፈል ልማድ ባልሰፋበት፣ በስልክ የገንዘብ ዝውውር ራሱ ገና ትናንት በተስፋፋበት ሀገር ውስጥ የሠሪውን ችሎታ በገቢው መለካት የሀገሪቱን የባንክ ታሪክ እንጂ የሠሪውን ጥበብ አይመዝንም።

እንደዚህ ከሆነ በኢትዮጵያ የጌም ሽልማት ሲቋቋም ሥርዓቱ ምን መምሰል አለበት? የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለዋናው ሽልማት የሚቀመጡት ዳኞች የሽያጭንና የማውረድን ቁጥር ከብያኔ በፊት እንዳያዩ ይከለከሉ፤ ነገር ግን ከቢሮ ወጥተው ወደ ጌም ቤቶች እንዲሄዱ፣ የቤሌ፣ የሶዶና የመርካቶ ልጆች ጌሙን ሲይዙት ምን እንደሚሆን በዓይናቸው እንዲያዩ በደንቡ ይታዘዙ። ሕዝብ የወደደውን የሚያከብር ሌላ ሽልማት ይኑር፤ ስሙም የሕዝብ ምርጫ ይባል እንጂ የዓመቱ ምርጥ አይባል። ዘ ጌም አዋርድስ እንደሚያደርገው ዘጠና ከመቶ ለዳኞች፣ ዐሥር ከመቶ ለተጫዋቾች ድምፅ ሰጥቶ ሁለቱን በአንድ ድስት ማማሰል ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ዐሥሩ ከመቶ ብያኔውን ለመለወጥ ያንሳል፣ ሕዝቡን ግን ተሳትፈሃል ብሎ ለመሸንገል ይበቃል።

ይህን ለመጀመር ደግሞ መንግሥት አዋጅ እስኪያወጣ መጠበቅ አያሻም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራንና የአዲስ አበባ የሥነ ጽሑፍና የቴአትር መምህራን ተባብረው በኢትዮጵያ ልጆች የተሠሩትን ጌሞች በስም፣ በሠሪና በዓመት የሚመዘግብ አንድ ዝርዝር ቢያዘጋጁ፣ በየጌም ቤቱም ምን እንደሚጫወቱ ተማሪዎቻቸውን ልከው ቢያስመዘግቡ፣ ዳኞች የሚፈርዱበት መዝገብ ይኖራቸዋል። እነዚህ መምህራን ሥራውን በዚህ ዓመት እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ።